ውለታ የገባች መምህርት

(ጋሸና፣ ከወልድያ ወደ ወረታ በሚያልፈው መንገድ ላይ፣ የላሊበላው መንገድ ከሚገነጠልበት ከተማ። ወሩ ኅዳር ነው። ጡረታ የወጡ መምህርና በዚህ ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣች የበጎ ፈቃድ መምህርት፣ ከትምህርት መልስ።)

መምህሩ፦ ብርዱ እንዴት አደረገሽ?

ወጣቷ፦ ቀኑን ችዬዋለሁ፤ የከበደኝ ማለዳው ነው። ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል። ልጆቹ በኮንጎ ጫማ፣ ያለ ካልሲ፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው ይመጣሉ። እኔ ሹራብ በሹራብ ደርቤ ጠመኔው ከጣቴ ይወድቃል።

መምህሩ፦ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ነሽ እኮ፤ ከአዲስ አበባም በብዙ መቶ ሜትር ትበልጣለች። ሹራብ ለዚህ አገር አይበቃም፣ ጋቢ ግዢ። ፍራሽሽንም ፀሐይ ባገኘሽ ቁጥር አስጪው፤ ቁንጫ የሌለበት ቤት ስለማታገኚ። ሲመሽ ደግሞ ብቻሽን ክፍል ውስጥ አትቀመጪ፣ ሰው ያለበት ምድጃ አጠገብ ሁኚ።

ወጣቷ፦ ልጠይቅዎ የመጣሁትም ይኼንኑ ነው፣ ጋሼ። አከራዬ ማታ ማታ ትጠራኛለች። ቡና ታፈላለች፣ ቆሎ ታቀርባለች፣ አንዳንዴም የገብስ እንጀራ በሽሮ። ኩበቱን ቆጥራ የምታነድ ሴት ናት፤ እህሉም ለልጆቿ እስከ ሰኔ መድረስ አለበት። እኔ ለመስጠት መጥቼ ከእሷ እየበላሁ ካደርኩ ምኑን በጎ ፈቃደኛ ሆንኩት? ስለዚህ ሥራ አለብኝ እላትና ክፍሌ ውስጥ ብስኩት በልቼ እተኛለሁ።

መምህሩ፦ እሷስ ምን አለችሽ?

ወጣቷ፦ ምንም አላለችም። መጥራቷን ግን ቀንሳለች።

መምህሩ፦ ተረድቻታለሁ። የቤት ኪራዩን በቀኑ ክፈያት፤ እሱ ገንዘቧ ነው። ቡናው ግን ከኪራዩ ጋር አይቆጠርም። እዚህ ሰው ከሰው ጋር የሚተሳሰረው በውለታ ነው። ዛሬ ደቦ ወጥቶ ያጨደልሽ ሰው ነገ ማጭድሽን ይጠብቃል። እድር ገብተሽ ሰው ትቀብሪያለሽ፣ ያንቺንም ሰው ይቀብሩልሻል። በዚህ ቀበሌ ለማንም ምንም ዕዳ የሌለበት ሰው ፈልጊ ብትባዪ አታገኚም። አንቺ ብቻ ከማንም አልቀበልም ካልሽ ከእነሱ አንዷ አይደለሽም። ከእነሱ ያልሆነ ሰው ሲሳሳት ማንም አይነግረውም፣ ሲቸገርም ማንም አያውቅለትም።

ወጣቷ፦ ይገባኛል። ግን እኔ ሰኔ ላይ የምሄድ ሰው ነኝ። የበላሁትን መቼ እመልሳለሁ? መልሼ ማረስ አልችል፣ ድግስ መደገስ አልችል።

መምህሩ፦ ይህ አካባቢ መመለስ የማይችል ሰው ማብላት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ዋድላ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። የቅኔ ትምህርት ሲነሳ ዋድላ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ይባላል አይደል? ለዚያ ቅኔ ስንት ልጅ ወላጆቹን ጥሎ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ አገር አቋርጦ መጥቷል! ከደጅ ደጅ እየዞረ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በማርያም ስም እየለመነ ይማር ነበር። ያበላችው ባልቴት ፊደል አትቆጥርም፤ ቅኔውን አትሰማውም፣ ብትሰማውም ግዕዙ አይገባትም። እንጀራዋን ግን ቆርሳ ትሰጠው ነበር። የኔታም ቢሆኑ በወር ተቆጥሮ የሚሰጣቸው ደመወዝ አልነበራቸውም። ያ ሁሉ ትምህርት እዚህ ደጋ ላይ የቆመው በገበሬው እህል ነው። እኔ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወጥቼ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ታሪካችን ሲጻፍ የመምህራኑ ስም ይነሳል፤ ያበሏቸው ሴቶች አይነሱም።

ወጣቷ፦ ባልቴቷ ለእነዚያ የሰጠችው ለነፍሷ ብላ ነው። አከራዬስ ለእኔ?

መምህሩ፦ ላንቺማ ልጇን ስለምታስተምሪላት። የአራተኛ ክፍሉ ልጇ አንቺ ክፍል አይደለም እንዴ?

ወጣቷ፦ ነው። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ፊደል ይለያል፣ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሲሆን ግን እየተንገዳገደ ነው የሚያነበው። ጋሼ፣ እኔን እዚህ ያመጣኝ የ2014ቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነው። ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሰማሁ፤ አልረሳሁትም። እንግሊዝኛና ሒሳብ አጠናክራለሁ ብዬ ደብተር ሙሉ ዕቅድ ይዤ መጣሁ። እዚህ ስደርስ ደግሞ ዕቅዴ የሚጀምረው ልጆቹ ገና ካልደረሱበት ቦታ ሆኖ ተገኘ።

መምህሩ፦ እንዴት ይድረሱበት? በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ይቺ ከተማ በጦርነቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገባና ስትወጣ የነበረች ናት። በሰሜን ወሎ ወንበር፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ መጽሐፍ ያልጠፋበት ትምህርት ቤት ማግኘት ከባድ ነበር። ከዚያ በፊት ኮሮና አለ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ያ አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ተምሮ ያልገባው ሰነፍ እንዳይመስልሽ። የተዘጋበትን ዓመት ሁሉ ደምሪለት።

ወጣቷ፦ ደምሬለታለሁ። ለዚህም ነው እንግሊዝኛውን ወደ ጎን ብዬ ንባብ የጀመርኩት። በአማርኛ፣ በየቀኑ፣ ትንሽ ትንሽ። ርእሰ መምህሩ ፈቀዱልኝ። ያልፈቀዱልኝ አንዳንድ ባልደረቦቼ ናቸው።

መምህሩ፦ ምን ይላሉ?

ወጣቷ፦ በግልጽ አይናገሩም። ግን ይሰማኛል። እነሱ በማትበቃ ደመወዝ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ ደመወዝ የዘገየበት ወርም እንደነበር ነግረውኛል። እኔ ደግሞ በነፃ ነው የማስተምረው ብዬ፣ ማታም ማጠናከሪያ እሰጣለሁ ብዬ መጣሁ። የእኔ ትጋት በእነሱ ላይ ወቀሳ መስሎ ታያቸው።

መምህሩ፦ ይህን በቀላሉ አትለፊው። በጎ ፈቃደኛ ሲመጣ ትልቁ አደጋ፣ የመንግሥት ኃላፊነት ባንቺ ትከሻ ተሸፋፍኖ መቅረቱ ነው። በጎ ፈቃደኛ ተገኝቷልና መምህር መቅጠር ይቆይ የሚል ሰው አይጠፋም። ባልደረቦችሽ ይህን ቢፈሩ ተሳስተዋል አልልም። ንባቡን ብቻሽን አትያዥው። ከመካከላቸው አንዱን ወይም አንዷን አብረሽ አስገቢ፤ ከተቻለ ሥራው በእነሱ ስም ይጠራ። ሰኔ ላይ አንቺ ስትሄጂ የሚቀጥለው እነሱ የያዙት ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ ሰፈሩም ደመወዝሽ ስንት ነው እያለ ይጠይቀኛል። የኪስ ገንዘብ ብቻ ነው ስል የሚያምነኝ የለም።

መምህሩ፦ ለምን ይመኑሽ? እስቲ በአንድ ሰው ዕድሜ ወደዚህ ደጋ የመጣውን ሰው ቁጠሪ። በ1966ቱ ረሃብ፣ በ1977ቱ ረሃብ ረድኤት ይዞ የመጣ አለ። የዘመቻ ተማሪ አለ፣ ካድሬ አለ፣ ስም መዝግቦ የሄደ አጥኚ አለ። ስማቸውን ጽፎ ከወሰደው ውስጥ ተመልሶ ያዩት ጥቂቱን ነው። ሰው የሚታመነው ሲከራርም ነው። ክረምትና በጋ አብሮ ሲያሳልፍ።

ወጣቷ፦ እርስዎም ከዘማቾቹ አንዱ ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ።

መምህሩ፦ ነበርኩ። ታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተነ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ላስታ ደረሰኝ። ያኔ ይህ ከወልድያ ወደ ወረታ የሚሄደው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ገና አልተጠናቀቀም። ከመኪና ከወረድን በኋላ ዕቃችን በበቅሎ፣ እኛ በእግር ነው የገባነው።

ወጣቷ፦ እሱም በጎ ፈቃድ ይባል ነበር?

መምህሩ፦ አይባልም፤ ግዴታ ነው። ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠል አይችልም ነበር። ከእሱም በፊት ቢሆን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት አገር ውስጥ ወጥቶ ያገለግላል፤ አብዛኛው በመምህርነት ነበር። እሱም ግዴታ ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ መነሻው ግዴታ ይሁን ፈቃድ፣ እዚህ ከደረስሽ በኋላ የሚጠብቅሽ ጥያቄ አንድ ነው። የዘመቻው ወጣት ለገበሬው መሬቱን ሲያስረክብ፣ ፊደል ሲያስቆጥር፣ ጉድጓድ ሲቆፍር ብዙ መልካም ነገር ሠርቷል። በዚያው ልክ፣ ጾሙን የሚያንቋሽሽ፣ ቄሱን በሕዝብ ፊት የሚያዋርድ፣ ሁሉን አውቃለሁ ብሎ የመጣ ዘማችም ነበር። በእንዲህ ያለው ቦታ ገበሬው ልጁን ወደ ንባቡ አልላከም። ቀኑን ሙሉ ስለ ጭቆናው ሲነገረው የዋለ ሰው፣ ማታ ዘማቹ ከቤቱ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ጣቢያው ሲመለስ ያያል። ይህ ከንግግሩ በላይ ይነግረዋል።

ወጣቷ፦ ከገበሬው ቤት የገቡትስ?

መምህሩ፦ እነሱ ሌላ ናቸው። የኩባን ታሪክ አንብበሽ ታውቂያለሽ? እኛ ዘማቾቹ ያኔ ብዙ የምናወራለት ነበር። ኩባ ሙቀት ያላት፣ የሸንኮራ አገዳ ደሴት ናት። በ1953 ዓ.ም. ወደ 100,000 የሚጠጋ ወጣት፣ አብዛኛው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ከከተማ ወጥቶ በየገጠሩ ተበተነ። ለያንዳንዱ ፋኖስ፣ የሚንጠለጠል መኝታና መማሪያ መጽሐፍ ተሰጠው። ሲደርስ ግን የሚሰፍረው ገበሬው ቤት ነው። ቀን ከገበሬው ጋር እርሻ ይውላል። ፋኖሱ የሚለኮሰው ሥራ ሲያልቅ፣ ማታ ነው። ያን ጊዜ ጽሕፈት የሚለምደው ገበሬ፣ ቀን ላይ ወጣቱን የእርሻ ሥራ ሲያስተምረው የዋለው ያው ሰው ነው። በታኅሣሥ 1954 ዘመቻው ሲዘጋ ከ700,000 በላይ ሰው ማንበብ መቻሉን መንግሥታቸው አስታወቀ። እኔን የሚይዘኝ ቁጥሩ አይደለም፤ ፋኖሱ የተለኮሰበት ሰዓት ነው። ሰዓቱን የወሰነው የአስተማሪው ሰሌዳ ሳይሆን የገበሬው ሥራ ነው።

ወጣቷ፦ የእኛው የ1971ስ?

መምህሩ፦ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው? ሐምሌ 1971 ተጀመረ፤ በኋላ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሆነ፣ በ1972 የዩኔስኮን ሽልማት አገኘ። እኔ ያኔ ተመርቄ አስተማሪ ነበርኩ። ልጅ ያዘሉ እናቶች ከዛፍ ሥር ሀ ሁ ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ብዙዎቹ ግን በኋላ የሚነበብ ነገር ስላላገኙ ረሱት። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ማስጀመር ላይ ጎበዞች ነን፤ በተማሩት እንዲቀጥሉ የሚያደርገውን ነገር ግን አናዘጋጅም።

ወጣቷ፦ የውጭዎቹስ? የአሜሪካ የሰላም ጓድ እዚህ አካባቢ አልነበረም?

መምህሩ፦ በወሎ በኩል ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ወደ 280 የሚጠጉ ሆነው 1955 ሊጠባ አካባቢ ኢትዮጵያ ገቡ፤ በየከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደቡ። የዚያን ጊዜ ባለዲግሪ መምህር እጅግ ጥቂት ስለነበር ጉልህ ለውጥ ነው ያመጡት። ሁለት ዓመት ይቆያሉ። እኔ ሁለት ዓመቱን ነው የምወድላቸው። ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ አገሩ ተመልሶ ሴናተር ሆነ፣ ለፕሬዚዳንትነትም ተወዳደረ፤ ያ ወሊሶ የኖረበት ጊዜ ሕይወቱን እንደቀረጸው ሲናገር ኖሯል። እንግዲህ አስቢው፤ ወሊሶ ከእሱ ያገኘችው የክፍል ትምህርት ነው፤ እሱ ከወሊሶ ያገኘው ደግሞ ዕድሜ ልኩን የተጠቀመበትን ነው። ማን ለማን ነው ባለውለታው?

ወጣቷ፦ እሱ ያስፈራኛል እኮ፣ ጋሼ። እኔ ታሪክ ይዤ እመለሳለሁ፤ ሥራ ስፈልግ ማመልከቻዬ ላይ እጽፈዋለሁ። ልጆቹ ደግሞ የለመዷትን መምህር ያጣሉ። ከወዲሁ እትዬ እያሉ ከኋላዬ የማይጠፉ አሉ። አንዷ ከቦኖ ጀሪካኔን ተሸክማ ልታመጣልኝ በየጠዋቱ በር ላይ ትጠብቀኛለች።

መምህሩ፦ ጀሪካኑን አታሸክሚያት። ከአከራይሽ ቡና ተቀበዪ ስልሽ ከተማሪሽ ጉልበት ተቀበዪ ማለቴ አይደለም። የእናትየዋ ቡና እኩያ ለእኩያ የሚሰጠው ነው። ልጅቷ ግን ማርክ የምትሰጫት ልጅ ናት፤ እምቢ ልትልሽ አትችልም። ቦኖው ጋ ራስሽ ሂጂ፣ ወረፋ ያዢ። እናቶቹን የምታገኚው እዚያ ነው። የማን ልጅ ለምን እንደቀረ፣ የትኛዋ ልጅ ለጋብቻ እየታሰበች እንደሆነ ከማንም በፊት የሚታወቀው እዚያ ወረፋ ላይ ነው። መዝገብሽ ላይ ቀሪ ብለሽ ከምትጽፊ፣ ቦኖው ጋ ምክንያቱን ትሰሚያለሽ።

ወጣቷ፦ መሄዴንስ ምን ላድርገው?

መምህሩ፦ ቀኑን ንገሪያቸው። ዛሬ። ሰኔ ላይ እንደምትሄጂ እያወቁ ይማሩ። ልጅ መለያየትን ይችላል፤ የማይችለው መታለልን ነው። እውነቱን ለመናገር አንድ ዓመት ለዚህ ሥራ ያንሳል። የመጀመሪያው መንፈቅ አንቺ የምትማሪበት ነው፤ መንገዱን፣ ብርዱን፣ የሰዉን ስም። ማስተማር ስትጀምሪ ዓመቱ ያልቃል። የክረምት በጎ ፈቃድ ብለው ለሁለት ወር የሚመጡትማ፣ ለትውልድ ቀያቸው ልጆች ካልሆነ በቀር፣ ልጆቹን ሳያውቁ ነው የሚመለሱት። የሚወስን ሰው ብሆን ሁለት ዓመት አደርገው ነበር። አንቺን ግን ቆዪ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ ያንቺም ሕይወት አለ።

ወጣቷ፦ ልቆይ እንደምችል ገና አላውቅም። አሁን የያዘኝ የዚህ ወር ጉዳይ ነው። አጨዳና ውቂያ ሆነና ክፍሉ ተራቆተ። ወንዶቹ ነዶ ያጓጉዛሉ፣ ሴቶቹ ቤት ይጠብቃሉ፣ ትንንሾቹ ከብት ያግዳሉ። ማጠናከሪያውን ቅዳሜ አድርጌ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ አለ።

መምህሩ፦ ይህ በኅዳር ብቻ የሚያበቃ እንዳይመስልሽ። የበልጉ ዝናብ ከጣለ የካቲትና መጋቢት ላይ እንደገና ይዘራል፤ ያኔም ይጎድላሉ። የበልጉ አዝመራ የሚሰበሰበው ደግሞ አንቺ ፈተና በምታዘጋጂበት ጊዜ ነው።

ወጣቷ፦ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ገበሬው የማይሠራባቸው ቀኖች አሉ አይደል? በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም። እነዚያን ቀኖች ነዶ አይጓጓዝም፣ አይወቃም። ማጠናከሪያውን በእነሱ ላይ ባደርገውስ?

መምህሩ፦ ይህ ከዕቅድ ደብተርሽ የወጣ አይደለም።

ወጣቷ፦ አይደለም። አከራዬ ናት፣ በጠዋት እህል ስትለቅም ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ባሌ ቤት ይውላል ስትል ሰምቼ ነው።

መምህሩ፦ እንግዲያው ብቻሽን አትወስኚው። የበዓል ቀን የቤተ ክርስቲያን ቀን ነው፤ ቄሱ ሳያውቁት ልጆቹን ብትሰበስቢ ቅር ይላቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆቹ ደጀ ሰላም ይቀመጣሉ። እዚያ ይነሣ። የሚያነሣው ደግሞ አንቺ ባትሆኚ ይሻላል፤ አከራይሽን ለምኛት። እሷ ስትናገር የሰፈሩ ጉዳይ ይሆናል፤ አንቺ ስትናገሪ የመንግሥት መልእክት ይመስላቸዋል።

ወጣቷ፦ እሷንም ላስቸግራት ነው?

መምህሩ፦ አስቸግሪያት። ደስ ይላታል። የኅዳር ጽዮን ቅርብ ናት፤ 21 ላይ መጀመር ትችያለሽ። ግን ከብት የሚያግዱትን አልፈታሽም። ከብት በዓል አያውቅም፤ በማርያምም ይግጣል።

ወጣቷ፦ ለእነሱ ከብቱ ከገባ በኋላ፣ ማምሻውን ላድርግላቸው ብዬ ነበር። ትምህርት ቤቱ የፀሐይ መብራት አለው።

መምህሩ፦ መብራቱስ ይሁን። ሴት ልጆቹን በጨለማ ማን ወደ ቤት ይመልሳቸዋል?

ወጣቷ፦ በየአቅጣጫው ያሉ ቤቶች ተራ ቢገቡ? አንድ ቀን የአንዱ አባት፣ ሌላ ቀን የሌላው።

መምህሩ፦ ጊዜው ክፉ ነው፣ አባቶቹም በምሽት መንቀሳቀስ ይፈራሉ። እምቢ ሊሉሽ ይችላሉ፤ እምቢ ካሉም እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ያኔ ከብቱ ወደሚሰማራበት መስክ ቀን ራስሽ መውረድ ሊኖርብሽ ነው፣ መጽሐፉን ይዘሽ።

ወጣቷ፦ እወርዳለሁ። ግን መጀመሪያ ልጠይቃቸው።

መምህሩ፦ ጠይቂያቸው። እሑድ እኔም ከቅዳሴ በኋላ እቆያለሁ።